የደም ዓይነታችን በሁለት ወረቀት ሁለት ሲሆን



በዚህ ወር የቤተሰብ ጤና ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በአንድ በኩል የሰው ሕይወት፣ በሌላ በኩል ደግሞ የትዳር ሰላም የተንጠለጠለበት ነገር ነው። ይኸውም የአንድ ሰው የደም ዓይነት በአንድ ቦታ ሲመረመር አንድ ነገር፣ በሌላ ቦታ ሲመረመር ደግሞ ሌላ ነገር ሆኖ ሲገኝ ምን ማለት እንደሆነና ምን ማድረግ እንደሚገባ ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በላስታ ደጋ የምትኖር አንዲት እናት የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ በአቅራቢያዋ ባለ ጤና ጣቢያ ተመርምራ በካርዷ ላይ «ኤ ፖዘቲቭ» ተብሎ ተጻፈ እንበል። ሁለተኛውን ስታረግዝ ላሊበላ ከተማ ሄዳ ተመረመረች፤ በዚህ ጊዜ የተሰጣት ወረቀት «ኤ ኔጋቲቭ» ይላል። ባል ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጎ እያየ «ደምሽ ተለወጠ እንዴ?» ይላል። አማት በበኩላቸው «እኛ ያለ ወረቀት አሥር ወልደን አሳድገናል» ብለው ያልፉታል። እሷም ማንን ማመን እንዳለባት ግራ ይገባትና ሁለቱንም ወረቀት አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጣለች። በሚቀጥለው ቀጠሮ ስትጠየቅ ደስ ያላትን አንዱን ብቻ ታሳያለች።

እንግዲህ አደጋው ያለው እዚህ ላይ ነው። የውጤቱ መለያየት ብቻውን ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይደለም፤ በየትኛውም አገር ላቦራቶሪ የሚያጋጥም ነገር ነው። የሚያስፈራው ሁለቱ ወረቀቶች መለያየታቸው እየታወቀ ሳይጣራ አንዱን መርጦ መኖር ነው። ዳኛ ፊት ሁለት ምስክሮች ቀርበው ቃላቸው ቢለያይ ዳኛው መልኩ ደስ ያለውን ምስክር አይመርጥም። ፍርዱን አቆይቶ ነገሩን ያጣራል። በደም ዓይነትም ላይ የምንለው ይህንኑ ነው።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት በመጀመሪያ ምርመራው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ይጠቅማል። የሰው ደም ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆኑን የደረሰበት ካርል ላንድሽታይነር የተባለ የቪየና ሐኪም ሲሆን፣ ግኝቱን በጽሑፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1901 ነው። በዚህም ሥራው እ.ኤ.አ. በ1930 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ቀይ የደም ሕዋሳት (ሴሎች) በላያቸው ላይ እንደ ማኅተም ያለ ምልክት አላቸው። «ኤ» የሚባለው ምልክት ያለበት ሰው ደሙ ኤ፣ «ቢ» የሚባለው ያለበት ቢ፣ ሁለቱም ያሉበት ኤቢ፣ ሁለቱም የሌሉበት ደግሞ ኦ ይባላል። ከዚህ ሌላ «ዲ» ወይም «አርኤች» የሚባል ምልክት አለ፤ ይህ ያለበት ፖዘቲቭ፣ የሌለበት ኔጋቲቭ ይባላል። በአገራችን ኔጋቲቭ የሆነው ሰው ጥቂት ነው፤ ከአሥር ሰው አንድ እንኳ አይሞላም።

የላቦራቶሪ ባለሙያው ሦስት ጠብታ ደም በሰሌዳ ላይ ያኖራል። በአንዱ ላይ ሰማያዊ የሆነውን ፀረ ኤ፣ በሌላው ላይ ቢጫ የሆነውን ፀረ ቢ፣ በሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለውን ፀረ ዲ ጠብ ያደርግበትና ያማስለዋል። ምልክቱ ያለበት ደም እንደ አሸዋ ቅንጣት እየተሰበሰበ ይቋጠራል፤ ምልክቱ የሌለበት ደግሞ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። በአብዛኛው ጤና ጣቢያ የሚደረገው ምርመራ ይህ ነው። ፈጣን ነው፤ ጥሩም ነው፤ ነገር ግን አንድ ምስክር ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ሲረም የሚባለው፣ ከደም ላይ የሚጠለለው ውኃ መሰል ክፍል ነው። አላህ (ሱ.ወ.) በሰው ደም ውስጥ ድንቅ ሥርዓት አኑሯል። ደሙ ኤ የሆነ ሰው ሲረሙ የቢን ሕዋስ የሚቃወም አንቲቦዲ ይይዛል። ቢ የሆነው ኤን የሚቃወም ይይዛል፤ ኦ የሆነው ሁለቱንም ይይዛል፤ ኤቢ የሆነው አንዱንም አይዝም። ስለዚህ የተሟላ ላቦራቶሪ ሕዋሱን ብቻ መርምሮ አያበቃም። የሰውየውን ሲረም ዓይነታቸው አስቀድሞ ከታወቀ የኤ እና የቢ ሕዋሳት ጋር በመስታወት ቱቦ ውስጥ ቀላቅሎ ያያል። ሕዋሱ «ኤ ነኝ» ካለ ሲረሙ ደግሞ የቢን ሕዋስ መቋጠር አለበት። ሁለቱ ከተስማሙ ውጤቱ ይጻፋል። ካልተስማሙ ግን ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ምንም አይጻፍም። ይህ በዓለም ዙሪያ ያሉ ደም ባንኮች ሁሉ የሚመሩበት ደንብ ነው።

«ዲ» የሚባለው ግን ከዚህ ይለያል። ኔጋቲቭ የሆነ ሰው ሲረሙ ሲወለድ ጀምሮ ፀረ ዲ ይዞ አይገኝም፤ የሚያፈራው ፖዘቲቭ ደም በእርግዝና ወይም በደም ልገሳ ሲገባበት ብቻ ነው። በመሆኑም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭን የምንለይበት ሁለተኛ ምስክር በሲረሙ ውስጥ የለም። የአርኤች ውጤት ሲለያይ ተጨማሪ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ውጤት የሚለያየው በምን ምክንያት ነው?

አንደኛውና በብዛት የሚያጋጥመው ምክንያት ደሙ ውስጥ የለም፤ ወረቀቱ ላይ ነው። በእኛ አገር፣ በተለይም በወሎ፣ ስም ይደጋገማል። በአንድ ጧት ሁለት ፋጡማ ሰይድ በአንድ ወንበር ተራ ሊጠብቁ ይችላሉ። የአንዷ ደም በሌላዋ ስም ከተጻፈ ምርመራው ፍጹም ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ የሌላ ሰው ይሆናል። ይህ በገጠር ጤና ጣቢያ ብቻ የሚደርስ እንዳይመስለን። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2003 በአሜሪካ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በስመ ጥር ሆስፒታል ውስጥ፣ ደሟ ኦ ለሆነ የ17 ዓመት ልጃገረድ ደሙ ኤ የሆነ ሰው ልብና ሳንባ ተተክሎላት ሕይወቷ አልፏል። ሐኪሞቹ ዕውቀት አልጎደላቸውም ነበር። የሁለቱ የደም ዓይነት መግጠሙን አንዱ ሌላው አረጋግጧል ብሎ ስላሰበ ማንም ሳያረጋግጥ ቀረ።

ሁለተኛው ምክንያት የዕቃና የአሠራር ነው። ፀረ ኤ፣ ፀረ ቢና ፀረ ዲ የሚባሉት ፈሳሾች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆን ቅዝቃዜ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። መብራት በጠፋበት ቦታ ማቀዝቀዣ አይሠራም፤ ማቀዝቀዣ ካልሠራ ደግሞ ፈሳሹ አቅሙን ያጣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ከደረሰ ወዲህ ከተማዋና አካባቢዋ ለወራት ያለ መብራት መቆየታቸው የሚታወስ ነው። አቅሙ የደከመ ፈሳሽ ደግሞ መቋጠር የነበረበትን ደም ሳይቋጥር ይቀራል። ስለዚህ ኤ የሆነው ኦ፣ ፖዘቲቭ የሆነውም ኔጋቲቭ መስሎ ሊታይ ይችላል። ባለሙያዎች በየዕለቱ ሥራ ሲጀምሩ ፈሳሹን ዓይነቱ በታወቀ ደም እንዲፈትኑ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከዚህም በላይ በሰሌዳ ላይ የተደረገ ምርመራ በሁለት ደቂቃ ውስጥ መነበብ አለበት። ከዚያ ካለፈ የጠብታው ጠርዝ እየደረቀ ሳይቋጠር የተቋጠረ ይመስላል። ሰሌዳው በሚገባ ካልታጠበ፣ ደሙ ከፈሳሹ ጋር ሲመዛዘን ከበዛ ወይም ካነሰም ውጤቱ ይዛባል። በአንዳንድ ሰዎች ደም ውስጥ ደግሞ በቅዝቃዜ ብቻ የሚነቃ አንቲቦዲ ይገኛል። እንደ ላስታ ባለ ደጋ አገር፣ በጧት ቅዝቃዜ፣ የእንዲህ ያለ ሰው ደም በሦስቱም ጠብታ ላይ ተቋጥሮ «ኤቢ ፖዘቲቭ» ሊያሰኘው ይችላል። ባለሙያው ሕዋሱን በሞቀ የጨው ውኃ አጥቦ ቢደግመው ግን እውነተኛው ዓይነት ይወጣል።

ሦስተኛው ምክንያት ከደሙ ከራሱ የሚመጣ ነው። እዚህ ላይ ሁለቱም ባለሙያዎች ትክክል ሆነው ሳለ ውጤቱ ሊለያይ እንደሚችል ልብ በሉ።

አንዳንድ ሰው የ«ዲ» ምልክት አለው፤ ነገር ግን ምልክቱ ደካማ ነው። አንዱ ፈሳሽ ሲያገኘው ሌላው ያልፈዋል። በምሳሌያችን ላይ ያነሳናት እናት ከእነዚህ አንዷ ልትሆን ትችላለች። እንዲህ ያለ ሰው ደም ሲለግስ እንደ ፖዘቲቭ ይቆጠራል፤ ደም ሲቀበል ወይም ሲያረግዝ ግን ጉዳዩ በተራቀቀ ምርመራ እስካልተለየ ድረስ እንደ ኔጋቲቭ መያዙ ይሻላል። እንዲሁም «ኤ» ራሱ ጠንካራና ደካማ ዓይነት አለው፤ ደካማው በሰሌዳ ላይ ኦ መስሎ ሊያልፍ ይችላል።

በቅርቡ ደም የወሰደ ሰውም ሁለት ዓይነት ደም ተደባልቆበት ይታያል። ቀይ የደም ሕዋስ ዕድሜው 120 ቀን ያህል ነው። ከወሊድ በኋላ ደም ፈሷት የኦ ደም በአስቸኳይ የተሰጣት እናት በወሩ ብትመረመር ግማሹ ተቋጥሮ ግማሹ ሳይቋጠር ባለሙያውን ግራ ሊያጋባው ይችላል።

አራስ ሕፃንም የራሱን ፀረ ኤና ፀረ ቢ ገና አላፈራም፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሲረሙ የሚገኘው ከእናቱ የመጣ ነው። ስለዚህ በእርሱ ሁለተኛው ምስክር አይጠየቅም። ደሙ የተቀዳው ከእትብቱ ከሆነ ደግሞ እንደ ሙጫ ያለው የእትብት ፈሳሽ ተቀላቅሎበት ውጤቱን ሊያሳስት ይችላል። በመሆኑም የሕፃን የደም ዓይነት ከስድስት ወር በኋላ ተደግሞ ሊረጋገጥ ይገባል። በሌላ በኩል የዕድሜ ባለጸጎች አንቲቦዲ ይደክማል። አንዳንድ የደም ካንሰርም የሕዋሱን ምልክት ያደበዝዛል።

ከስንት አንድ የሚያጋጥም እንግዳ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 በእንግሊዟ ሼፊልድ ከተማ ደም ልትለግስ የመጣች አንዲት ሴት ደሟ ሲመረመር ከፊሉ ኦ፣ ከፊሉ ኤ ሆኖ ተገኘ። ደም ተሰጥቷት አያውቅም ነበር። መንታ ነበረች ወይ ተብላ ስትጠየቅ፣ አዎን፣ መንታ ወንድሟ በሦስት ወሩ ሞቷል አለች። ሁለቱ በማኅፀን ሳሉ የወንድሟ ደም ወደ እሷ ተሻግሮ ከሃያ ዓመት በላይ በሰውነቷ ውስጥ ሲመረት ኖሯል። ባለሙያዎቹ ውጤቱ ግራ ቢያጋባቸው ቸኩለው አንዱን ቢጽፉ ኖሮ ይህ ሳይታወቅ በቀረ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። የጤነኛ ሰው የደም ዓይነት እንደ ልብስ አይለወጥም። መቅኔ የተተካለት ሰው ካልሆነ በቀር ሰው ከእናቱ ማኅፀን ይዞት በወጣው የደም ዓይነት ይኖራል። ውጤቱ ከተለያየ የተለያየው አመዘጋገቡ፣ አመራመሩ ወይም አነባበቡ ነው፤ ወይም ደሙ ከተለመደው ምርመራ በላይ የሆነ ምርመራ ይፈልጋል ማለት ነው።

የሾተላይ ነገር

በአያቶቻችን ዘመን የምትወልዳቸው ልጆች እየተከታተሉ የሚሞቱባት እናት «ሾተላይ አለባት» ትባል ነበር። ስንቷ ሴት በዚህ ምክንያት ተሰድባለች፤ ስንቷስ ተፈትታለች! የብዙዎቹ ምክንያት ከምን እንደሆነ መታወቅ የጀመረው ላንድሽታይነርና ባልደረባው አሌክሳንደር ዊነር እ.ኤ.አ. በ1940 የአርኤችን ምልክት ካገኙ በኋላ ነው።

እናት ኔጋቲቭ፣ ባል ፖዘቲቭ ሲሆኑ ፅንሱ ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። በወሊድ፣ በውርጃ ወይም በእርግዝና ጊዜ በሚደርስ መድማት የልጁ ደም ወደ እናቲቱ ይገባል። የእናቲቱ ሰውነትም እንደ ባዕድ ቆጥሮት ፀረ ዲ ያፈራል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ በደህና ይወለዳል። ቀጣዩ ግን ደሙ እየፈረሰ በማኅፀን ሊሞት፣ ወይም ደም አንሶትና ሰውነቱ ቢጫ ሆኖ ሊወለድ ይችላል።

መከላከያው ፀረ ዲ የሚባል መርፌ ነው። በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት፣ እንዲሁም ሕፃኑ ፖዘቲቭ ሆኖ ከተገኘ በወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ያስወረዳት ሴትም ሐኪሟን ስለዚሁ መርፌ መጠየቅ አለባት። የእናቲቱ ሰውነት ራሱ ፀረ ዲ አፍርቶ ካበቃ በኋላ ግን መርፌው አይጠቅምም።

አሁን ወደ ሁለቱ ወረቀቶች እንመለስ። ያቺ እናት በእርግጥ ኔጋቲቭ ሆና ሳለ «ፖዘቲቭ» የሚለውን ወረቀት ብቻ ብታሳይ መርፌው ሳይሰጣት 72 ሰዓቱ ያልፋል። የዚህ ዕዳ ደግሞ ዛሬ ሳይሆን በሚቀጥለው ልጅ ላይ ይታያል። በእርግጥ ፖዘቲቭ ሆና ሳለ «ኔጋቲቭ» የሚለውን ብታሳይ የምትጎዳው ላያስፈልጋት ለሚችል መርፌ የሚወጣውን ገንዘብ ነው። ሁለቱ ጉዳቶች እኩል አይደሉም። ስለዚህ የአርኤች ውጤት ሲለያይ እስኪጣራ ድረስ እናቲቱን እንደ ኔጋቲቭ ቆጥሮ መጠበቅ የጥንቃቄ መንገድ ነው።

የትዳርን ሰላም የሚነካው ወገን

ሌላው ችግር ቤት ውስጥ የሚነሳው ጥርጣሬ ነው። ልጅ ታሞ ሲመረመር የደም ዓይነቱ ከአባቱም ከእናቱም የተለየ ይሆናል። ያን ጊዜ አንዳንዱ አባት ሳይጠይቅ ይጠረጥራል፤ አንዳንዱም ዘመድ ወሬ ያራባል።

በመጀመሪያ ደረጃ የደም ዓይነት አወራረስ ብዙ ሰው እንደሚመስለው አይደለም። እናት ኤ፣ አባት ቢ ቢሆኑ ልጃቸው ኤ፣ ቢ፣ ኤቢ ወይም ኦ፣ ከአራቱ ማንኛውንም ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም ሁለቱም ወላጆች የተደበቀ የኦ ውርስ ሊኖራቸው ይችላል። ሁለቱም ፖዘቲቭ የሆኑ ወላጆች ኔጋቲቭ ልጅ መውለዳቸውም ፍጹም የተለመደ ነው። ይህን ባለማወቅ ብቻ ያኮረፈ ባል ካለ ዛሬውኑ ይታረቅ።

ሁለቱም ኦ ከሆኑ ወላጆች ኤ የሆነ ልጅ፣ ወይም ኤቢ ከሆነ ወላጅ ኦ የሆነ ልጅ መወለዱ ግን ወትሮ አይጠበቅም። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወረቀቱ ነው። የሦስቱም ደም እንደ አዲስ ተቀድቶ፣ በአንድ ላቦራቶሪ፣ ሕዋሱም ሲረሙም መመርመር አለበት። ከላይ የጠቀስነው ደካማ ኤ ያለው ወላጅ ኦ ተብሎ ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1952 በሕንድ ቦምቤይ ከተማ በታወቀው ዓይነት ደግሞ ሰውየው የኤ ወይም የቢ ውርስ እያለው ምልክቱ በሕዋሱ ላይ ሳይወጣ ይቀርና ኦ ተብሎ ይነበባል፤ ለልጁ ግን ያንን ውርስ ያስተላልፋል። የደም ዓይነት ወረቀት ለብቻው የአባትነት ዳኛ ሊሆን የማይችለው ለዚህ ነው።

በዚህ ረገድ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ታሪክ የምንማረው አለ። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) ባስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ እንደምናገኘው፣ አንድ ሰው ሚስቱ የወለደችው ልጅ መልኩ ጥቁር ሆኖበት ጥርጣሬውን ይዞ ወደ እርሳቸው መጣ። እርሳቸውም ስለ ግመሎቹ ቀለም ጠየቁት። ቀያዮች እንደሆኑ ነገራቸው። ከመካከላቸው ቀለሙ የተለየ ይኖር እንደሆነ ሲጠይቁት መኖሩን አመነ። ያ ከየት መጣ ቢሉት ምናልባት ከቀደመ ዘሩ የወረሰው ይሆናል አለ። እርሳቸውም ይህኛው ልጅ እንዲሁ ሊሆን እንደሚችል አስረዱት። በዓይን በሚታይ ልዩነት ሚስቱን እንዳይጠረጥር የተመከረ ሰው፣ በችኮላ በተነበበ ጠብታ ትዳሩን ሊያፈርስ እንዴት ይገባዋል?

ምን እናድርግ?

ውጤት ሲለያይባችሁ ሁለቱንም ወረቀት ያዙ። አንዱንም አትቅደዱ፤ አንዱንም አትደብቁ። ለባለሙያው ሁለቱንም አሳዩና «ይህ ይጣራልኝ» በሉ። ይህ ባለሙያውን መክሰስ አይደለም፤ ሥራውን ማገዝ ነው።

ያለፈ ታሪካችሁን ሳትደብቁ ንገሩ። ባለፉት ሦስትና አራት ወራት ደም ወስዳችሁ እንደሆነ፣ ውርጃ አጋጥሞ እንደሆነ፣ ፀረ ዲ የተባለውን መርፌ ተወግታችሁ እንደሆነ፣ ከባድ ሕመም ኖሮባችሁ እንደሆነ ለባለሙያው ማወቁ ግማሽ መልስ ነው።

አዲስ ደም ይቀዳ። አሮጌውን ናሙና ደግሞ መመርመር የስም ስህተትን አያወጣውም። ደም ሲቀዳ ስማችሁን ከነአባትና ከነአያት ራሳችሁ ተናገሩ፤ የካርድ ቁጥራችሁም በብልቃጡ ላይ እዚያው በፊታችሁ ሲጻፍ እዩ።

ምርመራው ሕዋሱንም ሲረሙንም የሚያይና በቱቦ የሚሠራ እንዲሆን ጠይቁ። በአካባቢያችሁ ይህ ከሌለ ወደሚቀጥለው ሆስፒታል እንዲልኳችሁ ወይም ናሙናው እንዲላክ ጠይቁ። ከላሊበላ ጋሸና 64 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ ወልድያ፣ ከወልድያ ደግሞ ደም ባንክ ያለባት ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። መንገዱ ሩቅ ነው። ነገር ግን ነፍሰ ጡር ሴት ይህን መንገድ በደህናዋ ቀን፣ ወሯ ሳይገፋ ብትጨርሰው ይሻላል። ደም እየፈሰሳት በሌሊት ከምትጓዘው ጉዞ ይህኛው ይቀላል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር በጥብቅ እናሳስባለን። ውጤቱ አልተጣራም ተብሎ ደም የሚፈሳት እናት መጠበቅ የለባትም። ለእንዲህ ያለው ሰዓት ሐኪሞች መንገድ አላቸው። የደም ዓይነቱ ያልተለየ ሰው የኦ ቀይ ሕዋስ ይሰጠዋል፤ ልጅ የመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት ከተገኘ ኦ ኔጋቲቭ ይመረጣል። ጊዜ ካለ ደግሞ የሚሰጠው ደም ከተቀባዩ ሲረም ጋር ተቀላቅሎ መስማማቱ ይታያል። ይህ የመጨረሻው በር ጠባቂ ነው። ደም ከመሰጠቱ በፊት ለማጣሪያ የሚሆን ናሙና መቀዳቱን ግን አትርሱ፤ ከተሰጠ በኋላ ነገሩ ይደባለቃል።

ብዙ አስታማሚ «ወረቀቷ ይኸው፤ ለምን እንደገና ትወጓታላችሁ?» ብሎ ሲቆጣ ይታያል። ደም በሚሰጥበት ጊዜ ሁሉ ላቦራቶሪው በአሮጌ ወረቀትም ሆነ በመታወቂያ ላይ በተጻፈ የደም ዓይነት ሳይተማመን እንደ አዲስ መመርመሩ ግዴታው ነው። ሊያስቆጣን የሚገባው ሳይመረምር ቢሰጥ ነበር።

በመጨረሻም ለአባወራዎችና ለወጣቶች አንድ ቃል አለን። በአገራችን የደም ባንክ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተጀምሮ እ.ኤ.አ. በ2012 ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛውሯል። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። የለገሰ ሰው ደሙ በደም ባንኩ ስለሚመረመር የራሱን የደም ዓይነት በአስተማማኝ መንገድ ያውቃል። ኔጋቲቭ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ለአንዲት ኔጋቲቭ እናት በቀላሉ የማይገኝ ሀብት ነው። ብልቃጡ ላይ የሚጻፈው የደሙ ዓይነት ነው፤ የለጋሹ ሃይማኖትም ሆነ ብሔር አይጻፍም። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቤት በሚዋለድበት በወሎ ደግሞ ይህ ለማንም እንግዳ አይሆንም።

በቤታችሁ ያሉትን ካርዶች ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አስተያዩዋቸው። ሁሉም ከተስማሙ አልሐምዱሊላህ። ከተለያዩ ደግሞ ሳትደናገጡ፣ ማንንም ሳትጠረጥሩ፣ ነገር ግን ሳትዘገዩ አስጣሩ። አላህ ቤተሰባችሁን በጤና ይጠብቅ፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው እትማችን እስክንገናኝ ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።